ለፕሮሰሰር የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ስመርጥ፦ ስለ ራዲያተር ስፋት፣ ስለ ከፍታችንና ስለ አቧራችን

ባለፈው መጋቢት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ለደንበኛ የማስረክበውን የቪላ ንድፍ ሬንደር ላይ ጥጄ ጋደም እንዳልሁ ኮምፒውተሬ በራሱ ጠፋ። መጀመሪያ መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የኮሪደሩ አምፖል በርቷል፣ ዩፒኤሱም አይጮኽም። መልሼ ሳስነሣው የፕሮሰሰሩ ሙቀት በአፍታ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ፣ ፍጥነቱ ወረደ፣ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ጠፋ። የኬዙን የጎን ክዳን አውልቄ ውስጡን በእጄ ዳሰስሁት፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው የፓምፕ ክፍል ያቃጥላል፣ ራዲያተሩ ግን እንደ ሌሊቱ አየር ቀዝቃዛ ነው። መካኒኮች የሞተር ድምፅ ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት የካቻቪቴዬን ጫፍ ፓምፑ ላይ አሳርፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ደገፍሁ፤ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ፓምፑ ቆሟል፤ ውሃው ባለበት ረግቷል፤ ሙቀቱም ከፕሮሰሰሩ ላይ የሚያነሣው አጥቷል።

የምኖረው በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ነው። የምሠራውም እዚያው ነው፤ የሕንፃ ንድፎችን በባለ ሦስት ገጽታ ሥዕልነት፣ ማለትም በሬንደር፣ አዘጋጃለሁ። ኮምፒውተሬ ያለበት ክፍል ሴት ልጄም የምትተኛበት ክፍል በመሆኑ የማሽኑ ድምፅ ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ አዲስ ማቀዝቀዣ እስክገዛ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ሳነብ፣ ስለካና ሱቅ ለሱቅ ስዞር ቆየሁ። ካነበብኋቸው መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት አየሩ ወፍራም ለሆነበት፣ መንገዱ አስፋልት ለሆነበትና ዕቃ ሲበላሽ ዋስትናው በፖስታ ለሚፈጸምበት አገር ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሦስቱም የተለዩ ስለሆኑ፣ ምርጫውን ከእነዚህ ልዩነቶች ተነሥቼ እንዴት እንዳደረግሁት መጻፍ ፈለግሁ።

ከመሠረቱ ልጀምር። በገበያችን ሊኩዊድ ኩለር ወይም ዋተር ኩለር የሚባለው ዕቃ ሙቀትን አያጠፋም፤ ከአንድ ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያጓጉዛል። ፕሮሰሰሩ ላይ የምትጫነው የመዳብ ሳህን ሙቀቱን ትቀበላለች፤ ፓምፑ ውሃና ፕሮፒሊን ግላይኮል የተቀላቀለበትን ፈሳሽ በሳህኗ ውስጥ በተቀረጹ ቀጫጭን ቦዮች ያሳልፋል፤ የሞቀው ፈሳሽ በጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ሄዶ ሙቀቱን ለአሉሚኒየም ክንፎች ያስረክባል፤ ከክንፎቹ ላይ ደግሞ ፋኖቹ የሚገፉት አየር ይረከበዋል። የመጨረሻው ተረካቢ እንግዲህ ያው የክፍላችን አየር ነው። ማስታወቂያዎች ውሃውን አጉልተው ስለሚያሳዩ ይህ ነጥብ በቀላሉ ይዘነጋል። ክፍሉ 28 ዲግሪ ከሆነ የትኛውም የዚህ ዓይነት ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ከ28 ዲግሪ በታች ሊያወርደው አይችልም።

ከፍታችን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ 2,355 ሜትር ላይ ትገኛለች ይባላል፤ የእኛ ደቡብ ምሥራቁ ጫፍ ከዚያ ዝቅ ቢልም ከ2,000 ሜትር በታች አይወርድም። በዚህ ከፍታ ያለው አየር፣ ሙቀቱ እኩል ሆኖ ሲነጻጸር፣ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ፋን በደቂቃ እኩል ዙር እስከዞረ ድረስ የሚገፋው የአየር መጠን በይዘት እኩል ነው፤ በክብደት ግን ያንሳል፤ ሙቀትን የሚሸከመው ደግሞ የአየሩ ክብደት ነው። በቁጥር ላሳየው። ፋኖቹ በአንድ ላይ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ አየር በራዲያተሩ ውስጥ ቢያሳልፉና ፕሮሰሰሩ 230 ዋት ቢያመነጭ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም በሚመዝንበት በባሕር ጠለል የሚያልፈው አየር ወደ 7 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። እኛ ዘንድ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 0.92 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ያው ሥራ አየሩን ወደ 9 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል። በዚህ ላይ ከክንፎቹ ወደ አየሩ የሚተላለፈው ሙቀት ራሱ በሳሳ አየር ውስጥ ይዳከማል።

ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ነው፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ከፍታው ከወሰደብን ላይ ብዙውን ይመልስልናል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፣ «የአየሩ መሳሳት የሚጎዳው ባለ ፋኑን ማቀዝቀዣ ብቻ ነው፤ ባለ ውሃው አይነካውም» የሚለው አባባል ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ሸክማቸውን የሚያራግፉት እዚያው አየር ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የሳሳውን አየር ለማካካስ ያለን ምርጫ ፋኑን በፍጥነት ማዞር ወይም የራዲያተሩን ስፋት መጨመር ነው፤ ፋን በፍጥነት ሲዞር ይጮኻል፣ የራዲያተር ስፋት ግን ድምፅ የለውም። አንድ ሻጭ ውሃው ሊፈላ ይችላል ብሎ ሊያስፈራኝ ሞክሮ ነበር፤ እርግጥ ነው እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ይሁን እንጂ በደኅና ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ 60 ዲግሪ እንኳ ሊደርስ አይገባውም።

ስለዚህ በምርጫው ውስጥ ከሁሉ በፊት ያየሁት የራዲያተሩን ስፋት ነው። መጠናቸው የሚጠራው በፋኖቻቸው ስፋት ነው፤ 240 ሲባል 120 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ፋኖች፣ 360 ሲባል የዚያው ዓይነት ሦስት፣ 280 ሲባል 140 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ፋኖች ማለት ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው 280 ለ240 የሚቀርብ ይመስለዋል። ወለሉ ሲሰላ ግን 240 ማለት 28,800፣ 280 ማለት 39,200፣ 360 ማለት ደግሞ 43,200 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። 280ው ከ360ው የሚያንሰው በአንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ፋኖቹም ትልልቅ ስለሆኑ በዝግታ እየዞሩ በቂ አየር ይገፋሉ። ያለ አንድ ችግር ቢሆን ኖሮ 280 እገዛ ነበር፤ ችግሩም 140 ሚሊ ሜትር ፋን ቢበላሽብኝ ምትኩን እዚህ ማግኘት አድካሚ መሆኑ ነው። 120 ሚሊ ሜትሩን ግን መርካቶ በገባሁበት የኮምፒውተር ሱቅ ሁሉ አይቸዋለሁ። ባለ አንድ ፋኑን 120 ለማንም አልመክርም፤ በዋጋው ከእሱ የሚሻል ባለ ፋን ማቀዝቀዣ ይገኛል።

በእርግጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ራይዘን 5 7600 ዓይነት ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱ ላይ ከሚቀመጥበት መሰኪያ፣ ማለትም ከሶኬቱ፣ የሚስበው ኃይል ቢበዛ 88 ዋት ስለሆነ፣ ባለ አንድ ማማ የአየር ማቀዝቀዣ ከበቂ በላይ ይሆንለታል። እስከ 150 ዋት ገደማ ድረስ እንኳ ባለ ሁለት ማማ ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ዓይነት፣ ሥራውን በጸጥታ ይወጣል፤ 165 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ቁመቱ በኬዙ ውስጥ መግባቱን መለካት ብቻ ይበቃል። የሚበላሽበት ነገር ፋን ብቻ ነው፤ ፋን ደግሞ በሁለት የሽቦ ማያያዣ ተነሥቶ በአምስት ደቂቃ ይቀየራል። ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ ሥራ፣ ለመጠነኛ የቪዲዮ ቅንብር ኮምፒውተር የሚገጣጠም ሰው ገንዘቡን ውሃ ላይ ባያፈስስ እመርጣለሁ። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ስለተወደደ፣ በማቀዝቀዣ የሚተርፈው ገንዘብ በሚሞሪ ወይም በዲስክ ላይ ቢውል ጥቅሙ በየቀኑ ይታያል።

የእኔ ግን ራይዘን 9 7950ኤክስ ነው። በአምራቹ የተጻፈለት 170 ዋት ቢሆንም ሬንደር ላይ 230 ዋት ድረስ ይስባል፤ የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬም 253 ዋት የተፈቀደለት ነው። እንዲህ ያለው ጭነት ለሰዓታት ሲቆይ ነው የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ዋጋውን የሚያወጣው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስጨንቀውን አንድ ነገር ላንሣ። ይህ ፕሮሰሰር በሙሉ ጭነት ሲሠራ እስከ 95 ዲግሪ እንዲወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ማቀዝቀዣው በተሻለ ቁጥር ሙቀቱን ከመቀነስ ይልቅ ፍጥነቱን ይጨምራል። የፕሮሰሰሩ የላይ ብረት ወፍራም በመሆኑም ሙቀቱ ከውስጥ ወጥቶ ሳህኗ ጋ እስኪደርስ የሚገጥመውን እንቅፋት የትኛውም ውሃ አያነሣለትም። ስለዚህ ውድ ማቀዝቀዣ ገዝቶ 90 ዲግሪ ያየ ሰው ተታለልሁ ብሎ ማዘን የለበትም። ይልቁንም ወደ ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ፣ ገብቶ ኢኮ ሞድ የተባለውን ኃይል ቆጣቢ አሠራር በ105 ዋት ደረጃ ቢያበራ፣ የሚሳበው ኃይል ከ230 ወደ 142 ዋት ይወርዳል። እኔ ስሞክረው አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረ ሬንደር የዘገየው አራት አምስት ደቂቃ ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ ማቀዝቀዣ ቢኖር ይህ ነው፤ ማንኛውም ሰው ሱቅ ከመሄዱ በፊት ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

መርካቶ ስሄድ የያዝሁት የብረት ማስመሪያና የኬዜን ልክ የጻፍሁበትን ወረቀት ነው። የሱቁ ልጅ በትሕትና ተቀብሎኝ ከሁሉ አስቀድሞ ፓምፑ ላይ ክብ ስክሪን ያለውን አወጣልኝ፤ «እህቴ፣ ይኼኛው ስክሪን አለው፤ ሙቀቱን እዚያው ታዪዋለሽ» አለኝ። ሙቀቱን ከሞኒተሬ ላይ ማየት ስለምችል የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነበር፤ የራዲያተሩ ውፍረት ስንት ነው? የተለመደው ራዲያተር 27 ሚሊ ሜትር ሲሆን 25 ሚሊ ሜትር የሆነው ፋን ሲታከልበት 52 ይሆናል። በኬዜ ጣሪያና በማዘርቦርዱ የላይኛ ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት 57 ሚሊ ሜትር ነው። አርክቲክ ሊኩዊድ ፍሪዘር 3 የተባለውን በጣም ወድጄው ነበር፤ ራዲያተሩ ግን 38 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር ከነፋኑ 63 ሆኖ አይገባልኝም። ርዝመትም እንዲሁ መታየት አለበት፤ ባለ 360ው ከነጫፎቹ 400 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ኬዙን ሳይለካ የገዛ ሰው የሚደርስበትን በጓደኛዬ አይቻለሁ፤ የኬዙን የላይ ብረት በመጋዝ ሊቆርጥ ተገድዷል።

ሶኬቱን መጠየቅም ግድ ነው። የኔው ኤኤም5 እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሲሆን አብዛኞቹ የኤኤም4 ማቀዝቀዣዎች ይሆኑታል፤ የኢንቴሉ ኤልጂኤ1700 ግን ከበፊቶቹ የተለየ የቡሎን አቀማመጥ ስላለው የራሱ ማሰሪያ ይፈልጋል። ሣጥኑ ሲከፈት ማሰሪያዎቹ በሙሉ መኖራቸውን እዚያው ሱቅ ውስጥ መቁጠር ይገባል። ያገለገለ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ አይገዛ። ለምን እንደሆነ ያስተማሩኝ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ከብሎካችን ምድር ቤት የሚኒባስ ራዲያተር የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የሞተውን ማቀዝቀዣ ይዤ ወርጄ «ጋሼ፣ እስቲ ይመልከቱልኝ» አልኋቸው። ተቀብለው ጆሯቸው አጠገብ ወዘወዙት፤ ውስጡ ጎድሎ ይንቦጫረቃል። «ልጄ፣ ውሃው ጎድሎ አየር ይዟል» አሉኝ። «አየር የያዘ ፓምፕ ባዶውን ነው የሚዞር፤ ባዶውን የዞረ ደግሞ ይቃጠላል። አቀማመጡ እንዴት ነበር?» ኬዙ ውስጥ ራዲያተሩን ከታች፣ ፓምፑን ከላይ አድርጌ እንደገጠምሁት ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የመኪና ራዲያተር ክዳን ለምን ከሁሉ በላይ እንደሚቀመጥ በጣታቸው እየጠቆሙ አስረዱኝ፤ አየር ሁልጊዜ ከፍ ወዳለው ቦታ ይሄዳልና።

በኮምፒውተሩም ነገሩ አንድ ነው። ቱቦው ጎማ ስለሆነ ውሃው ባይፈስም በዓመታት ውስጥ በትነት መልክ ጥቂት በጥቂት ይወጣል፤ በምትኩ የሚሰበሰበው አየር የሥርዓቱን ከፍተኛ ቦታ ይይዛል። ከፍተኛው ቦታ ፓምፑ ከሆነ ፓምፑ አየር ይውጣል፣ ይንቋቋል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ስለዚህ የራዲያተሩ ጫፍ ከፓምፑ በላይ መሆን አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ኬዙ ጣሪያ ላይ መግጠም ነው፤ ፊት ለፊት ከሆነም ራዲያተሩ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ቱቦዎቹ የሚወጡበት ጫፍ ወደ ታች ቢሆን ይመረጣል። ጋሼ ሌላም ምክር ሰጡኝ፤ የቧንቧ ውሃ እንዳልጨምርበት። ሳህኗ መዳብ፣ ራዲያተሩ አሉሚኒየም ስለሆነ፣ ዝገት የሚከላከል ቅመም የሌለው ውሃ ሲገባ ሁለቱ ብረቶች እርስ በርሳቸው ይበላላሉ፤ ዝቃጩም የሳህኗን ቀጫጭን ቦዮች ይደፍናል። አብዛኞቹ ማቀዝቀዣዎች ደግሞ መሙያ ቀዳዳ ስለሌላቸው የጎደለው ጎድሎ ይቀራል። ያገለገለውን አይገዛ ያልሁት ለዚህ ነው፤ ምን ያህል እንደጎደለ ከውጭ አይታይም።

አሁን ወደ አቧራው ልለፍ። በእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ያልደረሰባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ግንባታውም አላለቀም፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ነፋሱ ሲነሣ መስኮት ዘግተን እንኳ ጠረጴዛው ላይ በጣት የሚጻፍበት ቀይ አቧራ ይተኛል። በራዲያተር ክንፎች መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ይህ አቧራ ተደራርቦ እንደ ጨርቅ ይሸፍነዋል። የድሮውን ራዲያተር ፋኖች ፈትቼ ሳነሣ ያየሁትን አልረሳውም፤ በክንፎቹ ላይ የፋኑ ቅርጽ በክብ ታትሞ፣ አቧራውና የብርድ ልብሱ ክር ተገምዶ፣ በጥፍሬ ጫፍ ስስበው እንደ ቀጭን ምንጣፍ ተላጠ። በዚህ ምክንያት ፊት ለፊት ባሉት ሦስት የኬዙ ፋኖች አየር በወንፊት አልፎ እንዲገባ፣ ጣሪያው ላይ ባለው ራዲያተር ደግሞ እንዲወጣ አደረግሁ። ራዲያተሩ ፊት ለፊት ሆኖ ቀጥታ የክፍሉን አየር ቢስብ ፕሮሰሰሩ ጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዝ ነበር። እኔ ግን ለማጽዳት ቀላል የሆነው ወንፊት አቧራውን አስቀድሞ እንዲቀበልልኝ መርጫለሁ፤ ወንፊቱን በየሳምንቱ አውጥቼ በውሃ አጥበዋለሁ።

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጎሚስታ ዘንድ በመሄድ በኮምፕሬሰር ያስነፋል። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ከአየሩ ጋር ተረጭቶ ማዘርቦርድ ላይ ያርፋል፤ ግፊቱ ስሱን የአሉሚኒየም ክንፍ ያጣምማል፤ ፋኑም ከልኩ በላይ ዞሮ መሽከርከሪያው ይጎዳል። እኔ ለስላሳ የቀለም ብሩሽና አነስተኛ የእጅ ብሎወር እጠቀማለሁ፤ ስነፋም ፋኖቹ እንዳይዞሩ በጣቴ እይዛቸዋለሁ።

የፓምፑን ሽቦ ማዘርቦርዱ ላይ የት እንደሚሰኩት ደግሞ መጠንቀቅ ይገባል። የድሮውን ከኬዝ ፋኖች መሰኪያ አንዱ ላይ ሰክቼው ስለነበር ፍጥነቱ ከሙቀቱ ጋር ይወጣና ይወርድ ነበር፤ ሲቆምም ማንም አላስጠነቀቀኝም። አሁን የፕሮሰሰር ፋን መሰኪያው ላይ ሰክቼ ባዮስ ውስጥ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት እንዲዞር አድርጌዋለሁ፤ ዙሩ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ከፍና ዝቅ የሚሉት ፋኖቹ ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ውሃው እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ ስለሚፈጅበት ለእያንዳንዷ የሙቀት ዝላይ መጮኽ የለባቸውም፤ ዘግይተው እንዲነሡ ባዮስ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። ልጄ አሁን ሬንደር እየሄደ ትተኛለች።

የገዛሁት ስክሪንም መብራትም የሌለው፣ 27 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ 360 ነው። ከገጠምሁት በኋላ ቱቦዎቹ የሚጋጠሙባቸው ቦታዎች ሥር ነጭ ሶፍት አንጥፌ ለስድስት ሰዓት አስኬድሁት፤ ሶፍቱ ደርቆ ወጣ። ሌሊት ክፍሉ 19 ዲግሪ ሲሆን በኢኮ ሞድ ፕሮሰሰሩ 66 ዲግሪ ላይ ይረጋል። ቀን በሙሉ ኃይል ሳሠራው፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ 93 ድረስ ይወጣል፤ ፍጥነቱ ግን አይወርድም። የዋስትና ወረቀቱ የአምስት ዓመት ይላል፤ የሚፈጸመው ዕቃው ወደ ውጭ ሲላክ ስለሆነ ግን እኔ ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትም። በእሱ ፈንታ ዋጋው ቀላል የሆነ ባለ አንድ ማማ የአየር ማቀዝቀዣ ጨምሬ ገዛሁ። ከነማሰሪያውና በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ከሚቀባው ከአንድ ቱቦ ቴርማል ፔስት ጋር አልጋ ሥር ተቀምጧል፤ ፓምፑ በሌሊት ቢቆም በግማሽ ሰዓት ገጥሜው፣ በኢኮ ሞድ ዝቅተኛው ደረጃም ቢሆን፣ ጠዋት የማስረክበውን ሥራ እጨርስበታለሁ።